የማይወራው ሕልም



ይህን ጽሑፍ የላክንላችሁ በኮልፌ ቀራኒዮ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ስማችንን አልጻፍንም። የችግሩ ባለቤት ከሁለታችን የትኛችን እንደሆነም አንናገርም። ይህን የምናደርገው ለመደበቅ ብቻ አይደለም፤ ከተጋባን ወዲህ ጉዳዩ የሁለታችንም ስለሆነ ነው። «አንዳችን» ባልን ቁጥር በወንድ አንቀጽ የምንጽፈው አማርኛው እንዲቀና ያህል ነው። ከዚያ ተነስቶ «ባልየው ነው ማለት ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር መብቱ ነው፤ እኛ ግን አላልንም።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንዳችን አዋቂ ሰው ሆኖ፣ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ፣ ልጅ ወልዶ ሌሊት አልጋ ላይ ይሸናል።

ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድን አላህ ያውቃል። አሁን ከወጣ በኋላ ግን የቀረውን መናገር ያን ያህል አይከብድም።

ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ሕልም አለ። በሕልሙ አንዳችን ሽንቱ ይዞት መሽኛ ቦታ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ሽንት ቤት ሰው አለበት። ሁለተኛው በር የለውም። ሦስተኛው አጠና ተራ ገበያ መሐል ተተክሎ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። ፍለጋው ይረዝማል፤ ጭንቀቱ ይብሳል። በመጨረሻ ንጹህ፣ በሩ የሚቆለፍ፣ መብራት ያለው፣ ውሃ የሚፈስበት ሽንት ቤት ይገኛል። (በእውን እንዲህ ያለ ሽንት ቤት በሰፈራችን ቢገኝ ምንኛ በታደልን!) አንዳንዴ ደግሞ ቦታው የልጅነት አገር ይሆናል፤ ከእንሰቱ ጀርባ፣ ማንም የማያይበት። ያኔ ይቀመጣል፤ እፎይ ይላል፤ ሙቀት ይሰማዋል። ሙቀቱ ግን የሕልም አይደለም። ወዲያው ቅዝቃዜው ይከተላል፤ አንዳችንም ይነቃል።

እንዲህ ባለው ሌሊት የሚሰማውን ስሜት ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በሕልሙ ውስጥ ጥፋት አልሠራም። እንዲያውም ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አድርጓል፤ ፈልጓል፣ ታግሷል፣ ትክክለኛውን ቦታ መርጧል። ሲነቃ ግን ጥፋተኛው እሱ ነው።

በልጅነቱ ብዙ ተብሏል። «በእሳት የተጫወተ ሌሊት ይሸናል» እየተባለ ከምድጃ ዳር ሲባረር ያደገ ነው። ወንድሞቹና እህቶቹ ከእሱ ጋር አንድ መደብ ላይ ላለመተኛት ይጣሉ ነበር። በቋንቋችን «ሽንታም» ማለት ፈሪ ማለትም ነው፤ እንግዲህ አንድ ልጅ ሌሊት ፍራሹን ስላረጠበ ብቻ ቀን ላይ ፈሪ ይባላል ማለት ነው። ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። ያድጋል፣ ይተዋል ብለው ነበር። አብዛኛው ልጅም ይተዋል። 5 ዓመት ከሞላቸው ልጆች ከመቶ 15 ያህሉ ሌሊት እንደሚሸኑ፣ ከእነዚህም በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት እየተዉ እንደሚሄዱ ሐኪሞች ይናገራሉ። ነገር ግን ሳይተወው አዋቂ የሚሆንም አለ። ከአዋቂዎች ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል። እስቲ አስቡት! ጁምዓ ቀን 500 ሰው በሚሰግድበት መስጊድ ውስጥ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ ሰዎች ይህን ምስጢር ይዘው ሶፍ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው ደግሞ «በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ። አንዳችንም እንደዚያ ይል ነበር።

ኒካሕ ሲታሰር አልተናገረም። ይህን ሳንሸፋፍን እንጽፈዋለን፤ ሌላችንን ለረጅም ጊዜ ያስከፋውም ይኸው ነበር። ከሠርጉ በኋላ ባሉት ወራት አንዳችን ምሽት ላይ ውሃ አይቀምስም ነበር፤ ሌላችን ከተኛ በኋላ ነቅቶ ይቆያል፤ «እንቅልፍ አልወስድ አለኝ» ይላል። ሰው ግን ከእንቅልፍ ጋር ታግሎ እስከ መቼ ይችላል? ክረምት ገባ። አንድ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሌላችን የውሃ ድምፅ ሰምቶ ነቃ። በእኛ ግቢ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ በዚያ ሌሊት ቤት ውስጥ የነበረው አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር። አንዳችን ያንን የመጨረሻ ጀሪካን ገልብጦ በጨለማ አንሶላ ያጥባል። ምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ቡና ተደፍቶብኝ ነው» አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቡና!

ሌላችን ያን ሌሊት ያሰበውን ሁሉ እዚህ አንጽፈውም። ተታለልኩ ብሏል፤ ለቤተሰብ መናገርንም አስቧል። ሁለት ቀን ሳንነጋገር ቆየን። በሦስተኛው ሌሊት ሌላችን ሲነቃ አንዳችን አልጋው ላይ የለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንጎላጃል። አልጋውን ፈርቶት ነበር። ለካ ሁለቱንም ሌሊት ያደረው እዚያው ወንበር ላይ ኖሯል። ሌላችንን ያሸነፈው ይህ ነው። «ና ተኛ» ወይም «ነይ ተኚ» ተባለ፤ የትኛው እንደሆነ ለእኛ ይቆየን። ተላቀስንም።

ከዚያ በኋላ ነው የነገሩን ስፋት ሌላችን የተረዳው። ለምሳሌ አረፋን እንውሰድ። በሰፈራችን የሚኖረው የስልጤና የጉራጌ ሰው ለአረፋ አገሩ መግባት ግዴታ ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። አረፋ ሲደርስ ኮልፌ ጭር ይላል፤ ሱቁ ይዘጋል፤ ሁሉም ተጭኖ ይሄዳል። እኛ ግን በተጋባን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድም ጊዜ አልሄድንም። «ሥራ በዛ»፣ «ልጁ ታሞ ነው»፣ «ገንዘብ አጠረን»። ዘመዶቻችን «ከተማ ገብተው ናቁን» ብለው አዘኑብን። እውነቱ ግን አገር ቤት 10 ሰው በአንድ ምንጣፍ ላይ በሚያድርበት ቤት ማደርን መፍራት ነበር። ሐጅ የማድረግ ተስፋችንን እንኳ ይኸው ፍርሃት አጥሮት ነበር፤ በሚና ድንኳን ውስጥ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ነው የሚያድረው።

ከሁሉ የከፋው ግን የሶላቱ ነገር ነበር። አንዳችን በልጅነቱ መድረሳ ውስጥ የሁለቱን ቀብር ታሪክ ተምሯል፤ አንደኛው ሟች ከሽንት ባለመጠንቀቁ እንደሚቀጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩበትን። ለአንድ የ9 ዓመት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። በየሌሊቱ የሚተኛው ቀብሩን እያሰበ ነው። ሲያድግም አልለቀቀውም። ሽንት ባመለጠው ቀን ሁሉ እንደ ጀናባ ሙሉ ገላውን ይታጠብ ነበር፤ በኮልፌ ብርድ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። ውሃ የሌለ ቀን ደግሞ ከቤት ቤት ውሃ ሲፈልግ የሱብሂ ጊዜ ያልፍበታል። ከታጠበ በኋላም «ቀርቶብኝ ይሆን?» እያለ ይደጋግማል። ወስዋስ ማለት ይህ ነው።

ሁለታችንም ተያይዘን ወደ አንድ ኡስታዝ ሄድን። «ኡስታዝ፣ አንድ ጥያቄ ነበረን። የጓደኛችን ነው» አልናቸው። ታሪኩን በሙሉ እስክንጨርስ አዳመጡን። ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ለጓደኛችሁ ሰላም በሉልኝ። ብዙ ደክሟል» አሉን።

ያስረዱን ነገር አጭር ነበር። ሽንት ነጃሳ ነው፤ ያገኘው የሰውነት ክፍል፣ ልብስና ቦታ ይታጠባል፤ ለሶላት ውዱእ ይደረጋል። ሙሉ ትጥበት ግን በሽንት ምክንያት ግዴታ አይሆንም። ትጥበት የሚያስፈልገው በሕልም የዘር ፈሳሽ ከወጣ ነው፤ ይህን ጉዳይ ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ መጠየቃቸውን፣ ሳያፍሩ በመጠየቃቸውም እስከ ዛሬ ሴቱም ወንዱም ተጠቃሚ መሆኑን ነገሩን። የተኛ ሰው በእንቅልፉ ባመለጠው ነገር አይጠየቅም። የቀብሩ ታሪክም እያወቀ ቸል ስላለ ሰው እንጂ ሌሊት ተነስቶ በብርድ አንሶላ ስለሚያጥብ ሰው አይደለም። ከዚያ ስለ አንድ የገጠር ሰው አጫወቱን። ይህ ሰው መጥቶ መስጊድ ውስጥ ሸና። ሶሓቦች ሊያስቆሙት ሲነሱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲተውት አደረጉ፤ እስኪጨርስ ጠበቁት፤ በኋላም አንድ ባልዲ ውሃ አስመጥተው በቦታው ላይ እንዲፈስበት አደረጉ። በቃ። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊትም ሰምተነው ነበር። ለእኛ የተነገረ መሆኑን ግን አናውቅም ነበር።

ከኡስታዙ ቤት ስንወጣ አንዳችን ቀና ብሎ ሄደ። ሌላ ቃል የለንም፤ ቀና ብሎ ሄደ።

«አሁን ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ» ያሉንም እሳቸው ናቸው። ይህ የሚቀል መስሎን ነበር። በመጀመሪያ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ገብተን «ለልጅ ነው» ብለን ጠየቅን፤ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሲጠይቁን ግራ ተጋብተን ወጣን። ቀጥሎ በሄድንበት አንድ ክሊኒክ የመዘገበን ሰው ጮክ ብሎ «አልጋ ላይ ነው የሚሸናው?» ሲል ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩን። እዚያም አልቆየንም። ሦስተኛው ላይ አልሐምዱሊላህ የሚያዳምጡ ሐኪም አገኘን።

እኚህ ሐኪም ሽንትና የስኳር ምርመራ አዘዙ፤ ሁለቱም ደህና ሆኑ። ሆድ ድርቀት እንዳለ ጠየቁ፤ ነበረ። የታጨቀ አንጀት ፊኛን እንደሚጫን የሰማነው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ «ደብተርና ምልክት ያለው ጆግ ግዙ» አሉን። ለሦስት ቀን የተጠጣውን ሁሉና የተሸናውን ሁሉ እየለካን፣ ሰዓቱን እየጻፍን እንድናመጣ ነገሩን። ጆጉን ገዝተን ወጥ ቤት እንዳይገባ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግንበት።

ደብተሩ ከሐኪሙ በፊት እኛን አስተማረን። አንዳችን የሚሠራው መርካቶ ነው፤ በሥራው ቦታ ደህና ሽንት ቤት ስለሌለ ከጠዋት እስከ 11 ሰዓት የሚጠጣው ሁለት ብርጭቆ ውሃ እንኳ አይሞላም፤ የሚሸናውም አንድ ጊዜ ነው። ቤት ሲገባ ግን የቀኑ ጥም አንድ ላይ ይመጣል። ከመግሪብ እስከ መኝታ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ነበር፤ ውሃ፣ ሾርባ፣ ሦስት ብርጭቆ ሻይ። ከተጋባን በኋላ ባሉት ወራት የነበረው ጾም ደግሞ ከተገላለጥን በኋላ ቀርቷል፤ ሰውየው ጠምቶት ኖሯላ! እንግዲህ ቀን የደረቀ አካል ሌሊት ቢያጥለቀልቅ ምን ይደንቃል?

ስለ ሕልሙ ጠየቅናቸው። ምክንያቱም ሁለታችንም ጥፋቱን የምንጥለው በሕልሙ ላይ ነበር። አንዳንድ የጎረቤት ሰው ሕልምን ሁሉ ሊፈታ ይሞክራል፤ እኛም ፍቺ ፈልገን እናውቃለን። ሐኪሙ ግን የዚህ ሕልም ፍቺ ፊኛ እንደሆነ ነገሩን። ፊኛ እየሞላ ሲሄድ ወደ አእምሮ መልእክት ይልካል። እንቅልፉ የማይከብድ ሰው መልእክቱ ሲደርሰው ይነቃል። እንቅልፉ የከበደ ሰው ግን አይነቃም፤ መልእክቱ ሕልም ውስጥ ገብቶ ሽንት ቤት ፍለጋ ይሆናል። ያ ሁሉ በር የሌለው ሽንት ቤት፣ ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ፊኛው «ገና ነው፣ ያዝ» እያለ የሚታገልበት ሰዓት ነው ማለት ይቻላል። ደግሞም እንቅልፍን ያጠኑ ሐኪሞች ሽንት የሚያመልጠው ሕልም በሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ብቻ ሳይሆን በሌላውም እንደሆነ ደርሰውበታል። አንዳንዴ እንዲያውም ሽንቱ ቀድሞ ሙቀቱ ነው ሕልም የሚሆነው። ስለዚህ ሕልሙ መልእክተኛ ነው፤ አንዳንዴም ዘግይቶ የሚደርስ መልእክተኛ።

ሌላም አስረዱን። ማታ ማታ አንጎል ቫሶፕሬሲን የሚባል ሆርሞን እየጨመረ ኩላሊትን «ሽንት ቀንሺ» ይላታል፤ በአንዳንድ ሰው ይህ ጭማሪ ደካማ ነው። ነገሩ በዘርም ይወርዳል። ከወላጆች አንዱ በልጅነቱ ይህ ችግር ከነበረበት ከልጆቹ ከመቶ 40 ያህሉ፣ ሁለቱም ከነበረባቸው ከመቶ 70 በላይ የሚሆኑት ይወርሱታል። ይህን ሲሉ ሁለታችንም ስለ ልጃችን አሰብን፤ እርስ በርስ ግን አልተያየንም።

ዴስሞፕሬሲን የሚባል፣ ያንን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት አለ። ሆኖም መድኃኒቱ ተወስዶ ብዙ ውሃ ከተጠጣ በደም ውስጥ ያለው ጨው አለልክ ወርዶ ሰውን ለአደጋ ስለሚዳርግ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሞከር አይደለም። እኛን በመጀመሪያ ኑሯችንን እንድናስተካክል መከሩን፤ እስካሁንም መድኃኒቱ አላስፈለገንም።

ያደረግነው ይህን ነው። ውሃው ወደ ቀን ዞረ። አንዳችን አንድ ሊትር ውሃ ይዞ ወደ መርካቶ ይሄዳል፤ እስከ ዐስር ይጨርሰዋል፤ ለሽንት ደግሞ በየሦስት ሰዓቱ አቅራቢያው ወዳለ መስጊድ ይሄዳል። እራት ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ይበላል፤ ጨው ቀነስን፤ የማታው ሻይና ቡና ቀረ። ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ! ኢሻን ሰግዶ ሻይ የማይጠጣ ሰው በሰፈራችን እንደ ታማሚ ነው የሚታየው። ጫት የሚቅሙ ወንድሞቻችንም ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ከጫቱ ጋር ውሃ፣ ሻይና ለስላሳ ሲወርድ ይውላል፤ እንቅልፍ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ሰውን እንደ ድንጋይ ይጥላል።

ፖፖ ገዛን። በጋራ ግቢ ውስጥ ሽንት ቤቱ ከቤታችን 40 እርምጃ ይርቃል፤ ሌሊት ውሻ ይፈታል፤ ዝናብ አለ። አንዳችን ከእንቅልፉ ግማሽ ነቅቶ «ይህን ሁሉ ተጉዤ?» እያለ መልሶ የተኛበት ሌሊት ስንት እንደሆነ አይቆጠርም። ፖፖ የሽማግሌና የሕፃን ነው የሚል ካለ ይበል። ፍራሹ ላይ ሙሻማ አነጠፍን፤ በላዩ አንሶላ፣ ከአጠገቡ ሁለተኛ አንሶላ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ፍራሽ ሽንት ሲነካው ቶሎ በጨርቅ መጥጦ ውሃ ማፍሰስ፣ እንደገና መምጠጥ፣ ከዚያም ውሃ በተቀላቀለ አቼቶ ማበስ ሽታውን እንደሚያጠፋው በልምድ አውቀናል። ክረምት ላይ ግን ፍራሽ አይደርቅም። ሙሻማውን ቀድመን ባለመግዛታችን ስንት ዓመት እንደተሠቃየን ስናስብ እንቆጫለን።

ስልካችንን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዲንቀጠቀጥ ሞላነው። ሐኪሙ ይህ አልጋውን ያደርቃል እንጂ ፊኛውን አያስተምረውም ብለውን ነበር፤ ለእኛ ግን አልጋው መድረቁ ትንሽ ነገር አልነበረም። ሌላችንም አብሮ ስለሚነቃ አንዳንድ ሌሊት ሁለታችንም ውዱእ አድርገን ሁለት ረከዓ እንሰግዳለን። የለይል ሶላት በሽንት ሰበብ ቤታችን ገባ ብንል እውነት ነው።

አሁን ደግሞ ከመጽሐፍ ያላገኘነውን እንንገራችሁ። ሽንት ቤት ሲገባ በበሩ ላይ ዱዓ ይባላል፤ በግራ እግር ይገባል። ይህን ከሕፃንነታችን ስለለመድነው ሳናስበው እናደርገዋለን። አንድ ምሽት ስንጫወት ሌላችን፣ «በሕልምህ ስትገባ ዱዓ ትላለህ?» ሲል ጠየቀ፤ ወይም ስትል ጠየቀች፤ አንቀጹን ተዉት። አንዳችን አሰበ፤ አሰበና አንድም ቀን ብሎ እንደማያውቅ ተናገረ። በሕልም ውስጥ ሽንት ቤት ሲገኝ በጥድፊያ ነው የሚገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዳችን በእውኑ ሽንት ቤት በገባ ቁጥር በሩ ላይ ቆም ይላል፤ መቃኑን በእጁ ይነካል፤ «ነቅቼ ነው ወይስ ተኝቼ?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል፤ ከዚያ ዱዓውን አስቦበት ይላል። አንድ ወር ከምናምን አልፎ አንድ ሌሊት ያ ንጹሑ ሽንት ቤት መጣ። በሩ አለ፤ መብራት አለ። አንዳችን በሩ ላይ ቆመ። መቃኑን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ መቃኑ አልተያዘለትም። ዱዓውን ሊል ሲል ቃሉ አልገጥም አለው። ነቃ። አልጋው ደረቅ ነበር። ፖፖው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሌላችንን እየነቀነቀ «ደረቅ ነው! ደረቅ ነው!» ሲል ጎረቤት ሁሉ የሰማ ይመስለናል።

ለሐኪሙ ስንነግራቸው ከጠቀማችሁ ቀጥሉበት አሉን። ለሁሉም ይሠራል አንልም። ለእኛም ሁልጊዜ አይሠራም።

ረመዳን ላይ ወደ ኋላ ተመለስን። ሱሑር ላይ «ቀኑ ረጅም ነው» ተብሎ አንድ ሊትር ውሃ ተጠጣ፤ ሱብሂ ተሰገደ፤ ተተኛ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አልጋው ረጥቧል። አንዳችን ጾሜ ፈረሰ ብሎ ሲያለቅስ ኡስታዝ ዘንድ ደወልን፤ በዚህ ጾም አይፈርስም፣ ታጠቡና ቀጥሉ አሉን። ከዚያ ወዲህ ውሃውን ከኢፍጣር ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እናደርገዋለን፤ ከሱብሂ በኋላም ሽንት ሳይሸና አይተኛም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የእኛው ከልጅነት የመጣ ስለሆነ አላስቸኮለንም። ለብዙ ዓመት ደርቆ ኖሮ በአዋቂነቱ ድንገት የጀመረው ሰው ግን ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አይዘግይ። ስኳር፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን፣ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ላይ ፕሮስቴት፣ በእንቅልፍ ላይ እያንኮራፉ ትንፋሽ መቋረጥ፣ አንዳንድ የእንቅልፍና የአእምሮ መድኃኒቶች ሊያመጡት ይችላሉ። ብዙ የሚጠማውና የሚከሳ፣ ሲሸና የሚያቃጥለው ወይም ደም የሚያይ፣ እግሩ የሚደነዝዘው ወይም የሚዝልበት ከሆነ በዚያው ሳምንት ይሂድ። ከወሊድ በኋላ ቀንም ሌሊትም ሽንት የሚፈሳት እህት ካለች ደግሞ የእሷ ከእኛ ፈጽሞ የተለየ ነው። ይህ ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ይታከማል፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። እሷን ቤት ውስጥ ሸሽጎ ማስቀመጥ በደል ነው።

በእኛው ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት የሚባለውን ሆስፒታል የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ሥጋ ደዌ እንደ እርግማን ታይቶ ሰው ከቤተሰቡ የሚለይበት ዘመን ነበር፤ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን መሆኑን ልጆች ሳይቀሩ ያውቃሉ። በዚያ በር ባለፍን ቁጥር የእኛ ፍራሽ ትዝ ይለናል።

ባለፈው አረፋ አገር ቤት ሄድን። ሙሻማውን በጋቢ ጠቅልለን፣ ስልኩን ትራስ ሥር አድርገን፣ በሩ አጠገብ ተኛን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዳችን ተነስቶ ወጣ። ወደ ሽንት ቤቱ የሚወስደው መንገድ በእንሰቱ ጀርባ ነው። በሕልም ስንት ጊዜ የመጣበት ቦታ! ቆመና ነቅቶ ይሁን ተኝቶ ጠየቀ። የእንሰቱን ቅጠል ጨበጠው፤ ጤዛው እጁን አራሰው። ዱዓው ሳይሰናከል ወጣለት። ሦስት ሌሊት አደርን፤ ሦስቱም ደረቅ ነበሩ። ወደ ኮልፌ በተመለስን በሁለተኛው ቀን ግን አንሶላ አጥበናል። እንዲህ ነው የምንኖረው፤ ድሮ በሳምንት አራት ጊዜ የነበረው አሁን በወር አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው።

በቅርቡ አንድ ጠዋት የ6 ዓመት ልጃችን አንሶላውን ጠቅልሎ አልጋው ሥር ሲሸጉጠው አገኘነው። አይተነው ዝም ስንል ጭንቅላቱን ደፋ።

«ሕልም አይተህ ነበር?» ተባለ።

«አዎ። መድረሳ ሽንት ቤት ገብቼ ነበር።»

«በር ነበረው?»

«ነበረው። ደግሞ ንጹህ ነበር። መብራትም ነበረው።»

ሁለታችን ተያየን። «እሱን ሽንት ቤት እኔም አውቀዋለሁ» አለ አንዳችን።

ልጁ ቀና አለ። አንዳችን አንሶላውን ሲያነሳ ሌላችን ጀሪካኑን ይዞ ወደ ግቢው ወጣን። ልጁ በባዶ እግሩ ከኋላችን እየተከተለ፣ «ግን የት ነው ያለው?» እያለ ይጠይቀን ነበር።